የሻምበል ተክሉ ልጆች

ከአዲሱ ገበያ ወደ ሱሉልታ የሚጭነው ሚኒባስ ሌላ ጊዜ ሰውን በሰው ላይ ደራርቦ ነው ዳገቱን የሚወጣው። ያን እሑድ ግን ግማሽ ወንበሩ ባዶ ነበር። ረዳቱም እንደ ልማዱ አልጮኸም፤ ተሳፋሪውን አንድ በአንድ ዝቅ ባለ ድምፅ "እስከ የት ናችሁ?" እያለ ይጠይቃል። መንገዱ ከሐሙስ ጀምሮ ተዘግቶ የተከፈተው ገና ያን ዕለት ጠዋት ነው። አስፋልቱ ላይ ጎማ የተቃጠለበት ቦታ ጠቁሮ ይታያል፤ ድንጋዮቹ ወደ ጠርዝ ተገፍተዋል። እሑድ እሑድ ያንን መንገድ የሚሞሉት ሯጮች አንድም አልነበሩም።

ትህትና ጥቁር ቀሚስ ለብሳ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከእናቷ ከወይዘሮ ማሪቱ ጎን ተቀምጣለች። ለዚህ እሑድ አዘጋጅታው የነበረው ልብስ ሌላ ነበር። እናትና ልጅ ዛሬ ወደ ሱሉልታ ሊሄዱ ቀጠሮ የያዙት ለልመና ነበር፤ አሁን የሚሄዱት ለለቅሶ ነው። ትህትና የምትወደው ሰው ጃራ ይባላል፤ ታናሽ ወንድሙ ሁንዴ ሐሙስ ዕለት ተገድሏል። ቀብሩ ላይ እንኳ መንገድ ተዘግቶባቸው አልደረሱም።

ትህትና ለሁንዴ ከልቧ አዝናለች። ግን ከኀዘኑ ሥር የራሷ ነገር ተቀምጦ አልነሳ ብሏታል፤ በዚህም ታፍራለች። አትፍረዱባት። ፍቅር የያዘው ሰው በሰው ለቅሶ መሃል እንኳ የራሱን አይረሳም፤ የሚለየው አፍ አውጥቶ አለመናገሩ ነው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባላል፤ እኛም ከሥሩ እንነሳ። ሻምበል ተክሉ፣ የትህትና አባት፣ የአየር ኃይል ሄሊኮፕተር አብራሪ ነበር። እሷ ገና ፊደል ስትቆጥር አንድ የክረምት ጠዋት ጭጋግ ውስጥ ገብቶ፣ ከሱሉልታ ከተማ ወጣ ብሎ ካለ ኮረብታ ጋር ተላተመ። በቅድሚያ የደረሱለት ኦቦ ነገዎ የሚባሉ ገበሬ ናቸው። የወደቀው ከእርሻቸው ዳር ነበር። ቡልኮአቸውን አውልቀው አለበሱት፤ ሰው ከከተማ እስኪመጣም ካጠገቡ አልተነሱም። ወይዘሮ ማሪቱ ይህን ውለታ አልረሱም። ኀዘናቸው ቀለል ሲል ከባላቸው የሥራ ባልደረቦች ጋር መክረው በስሙ አንድ የትምህርት ዕድል አቋቋሙ። ዕድሉ በየዓመቱ ከዚያች መንደር አንድ ልጅ መርጦ እስከ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ነው። የመጀመሪያው ተመራጭ የኦቦ ነገዎ የበኩር ልጅ ጃራ ሆነ።

ዕድሉ የተሰጠ ዕለት ኦቦ ነገዎ ወይዘሮ ማሪቱን ከነልጃቸው መንደራቸው ጠሩ። ሽማግሌዎች ትልቅ ዛፍ ሥር ተቀምጠው፣ እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው በኦሮምኛ ብዙ ተናገሩ። ጃራን ከወይዘሮ ማሪቱ ፊት አቆሙት፤ የሴትዮዋን አናት ቅቤ ቀቡ፤ ከአንድ ዕቃ ለሁለቱም ወተት አስጎነጩ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠየቋቸው። ወይዘሮ ማሪቱ ኦሮምኛ አይሰሙም። ምን እንደሚሉ ሲጠይቁ፣ ያስተረጉማል የተባለው ሰው ፀሐዩ ከብዶት ነው መሰለኝ፣ እያመሰገኑዎት ነው፣ እሺ ይበሉ ብሎ አሳጠረው። እሳቸውም "እሺ" አሉ። ሕዝቡ አጨበጨበ፤ እልልታው ቀለጠ። ወይዘሮ ማሪቱ ቅቤው ልብሳቸውን እንዳያበላሽባቸው እየተጨነቁ ወደ ቤታቸው፣ ወደ ቡራዩ፣ ተመለሱ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ማለት ይኸው ነው።

ጃራ አድጎ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ገባ። ዕድሉን ያገኘ ልጅ በየመንፈቁ ስለ ትምህርቱ ለወይዘሮ ማሪቱ ደብዳቤ መጻፍ ግዴታው ነው። የሴትዮዋ ዓይን ደከም ስላለ አንባቢዋ ትህትና ነበረች፤ መልስ ጸሐፊዋም እሷው። ውጤቱን ለማሳወቅ አንድ ገጽ የሚበቃው ልጅ ቀስ በቀስ አራት ገጽ መጻፍ ጀመረ። አራተኛውን ገጽ ወይዘሮ ማሪቱ ሰምተውት አያውቁም። መልሱም በእናት ስም የተጻፈ ይሁን እንጂ ከምክርና ከምርቃት ወረድ ብሎ የእናት ያልሆነ ነገር ይገኝበት ነበር። በሻምበሉ ሙት ዓመት ተማሪዎቹ ሁሉ ቡራዩ ሲሰበሰቡ ሁለቱ ሰላም የሚባባሉት ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ ነው። ሰው ጨዋነት መስሎት ያመሰግናቸው ነበር።

ጃራ ተመርቆ ዓለም ገና የፊዚክስ መምህር ሆነ። ትህትናም ቡራዩ ፋርማሲ ውስጥ ሥራ ያዘች። አሁን የቀረው ሽማግሌ መላክ ነበር፤ እሱ ግን አይልክም። ስታነሳበት ወሬ ይለውጣል። የገበሬ ልጅ ነኝ ብሎ ይሆን፣ በእናቷ ገንዘብ ተምሬ እንዴት ብሎ ይሆን፣ ወይስ እዚያው ዓለም ገና ሌላ አግኝቶ ይሆን እያለች ስንት ጊዜ ተብሰለሰለች። በመጨረሻ አንድ ቅዳሜ ታክሲ ይዛ ዓለም ገና ድረስ ሄደች። ጁስ ቤት ውስጥ አስቀምጣው፣ ሽማግሌ ጠፍቶ ነው ወይስ እኔን ጠልተህ ነው ብላ ፊት ለፊት ጠየቀችው።

ጃራ ብርጭቆውን ሲያሽከረክር ቆየና "ወዴት ልላክ?" አላት። "ወደ ገዛ ቤቴ?"

አልገባትም። ቀስ ብሎ አስረዳት። ያን ቀን ዛፉ ሥር የተደረገው ምስጋና ሳይሆን ጉዲፈቻ ነበር። ኦቦ ነገዎ ወንድ ልጅ ሳይተካ ለሞተው አብራሪ ልጃቸውን ሰጡ፤ ሽማግሌዎቹ ወይዘሮ ማሪቱን ትቀበያለሽ ወይ ብለው ጠየቁ፤ እሳቸውም እሺ አሉ። በኦሮሞ ሕግ በጉዲፈቻ የተሰጠ ልጅ ከሆድ ከወጣው አይለይም። ጃራ የሻምበል ተክሉ ልጅ ነው፤ የሻምበል ተክሉ ልጅ ደግሞ የሻምበል ተክሉን ልጅ አያገባም።

"ይህን እያወቅህ አራተኛውን ገጽ ለምን ጻፍከው?" አለችው።

"እኔም ራሴን ጠይቄዋለሁ" አላት።

ወይዘሮ ማሪቱ ነገሩን ከልጃቸው ሲሰሙ መጀመሪያ ሳቁ። ቀጥሎ የልጃቸውን ፊት አዩና ሳቁን ትተው አለቀሱ። ሲረጋጉ ግን ቆራጥ ሆኑ። ያልገባኝ ቃል አያስረኝም፤ ሄጄ ኦቦ ነገዎን እለምናቸዋለሁ፣ ሽማግሌዎቹ የቋጠሩትን ሽማግሌዎቹ ይፍቱት አሉ። ይህን እሑድ ቀጠሩ። ሐሙስ ዕለት የሱሉልታ ተማሪዎች ማስተር ፕላኑን ተቃውመው ወጡ፤ ከተማው ሲሰፋ የአባቶቻቸው መሬት ሊሄድ ነው ብለው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍሉ ሁንዴም አብሮ ወጣ። ጥይቱ ከየት እንደመጣ ብዙ ሰው ብዙ ተናገረ። የኦቦ ነገዎ ቤት የሚያውቀው ግን ልጁ በእግሩ ሄዶ በሰው ትከሻ መመለሱን ነው።

ሚኒባሱ ሱሉልታ ሲቃረብ ወይዘሮ ማሪቱ ወደ ልጃቸው ጠጋ አሉ። ዛሬም ቢሆን እናገራለሁ አሏት በሹክሹክታ። አንድ ልጅ የሞተበት አባት ሌላውን መልሰን ብንሰጠው ጽድቅ ነው እንጂ ነውር አይሆንም። ለእሱም ይበጃል፣ ለአንቺም። ትህትና ራሷን ነቀነቀች። ነገሩ እውነት ይመስላል፤ እንዲያውም ከልክ በላይ እውነት መሰላት፣ ያስፈራትም ያ ነው።

ዕለቱ ሠልስት ነበር። በኦቦ ነገዎ ግቢ፣ ከቤቱ ደጃፍ የተተከለው ድንኳን ከሩቅ ይታያል። ጃራ ከደጅ ቆሞ ለቀስተኛ ይቀበላል። ጢሙ አድጓል፣ ዓይኑ ደም መስሏል። ወይዘሮ ማሪቱን አቅፎ አለቀሰ፤ ከዚያ ትህትናን አቀፋት። በሰው ፊት ሲያቅፋት የመጀመሪያው ነበር። በለቅሶ ቤት ሁሉም ይተቃቀፋል፤ ማንም ዞሮ አላያቸውም። እሷ ግን የትከሻውን ክብደት፣ የሸሚዙን ላብ፣ ሁሉንም አወቀችው። ቶሎ ለቀቃት።

ድንኳኑ ውስጥ ኦቦ ነገዎ ከቤቱ ግድግዳ ጋር ከተያያዘው መደብ ላይ ተቀምጠዋል። ሚስታቸው ሁንዴን ስትወልድ ስለሞተች ሁለቱንም ልጆች ያሳደጉት ብቻቸውን ነው። በቤቱ ያለችው ሴት እህታቸው ቦሰና ብቻ ናት፤ እሷም ከሐሙስ ጀምራ ስታለቅስ ድምፅዋ ጠፍቶ በእጇ ብቻ ነው የምትናገረው። ሽማግሌው ራሳቸው ግን አላለቀሱም ተባለ። ሰው የፈራላቸውም ይህንን ነው።

እናትና ልጅ ተቀምጠው ጥቂት እንደቆዩ የኦቦ ነገዎ ወንድም ኦቦ አበራ ተነሱና በኦሮምኛ ጀመሩ፤ እንግዶቹን አይተውም ወደ አማርኛ መለሱት። ነገሩ ከባድ ነው፣ በሠልስት መነሳትም አልነበረበትም፣ ግን ሽማግሌዎቹ ሁሉ ዛሬ እዚህ ስላሉ ነው አሉ። ወንድማቸው አንዱን ልጅ ለሞተ ሰው ሰጠ፣ አንዱን መሬት በላው። እሳቱን ማን ያነድዳል? ጃራን መልሶ ይውሰድ፤ የሚወቅሰው የለም፣ ዋቃ አምላካችንም አይወቅሰውም። ድንኳኑ ውስጥ ራሶች ተነቀነቁ።

የትህትና ልብ እንዴት እንደዘለለ ለማንም አትነግርም። ጃራ የድንኳኑን ምሰሶ ይዞ ወደ መሬት አቀርቅሯል። ወይዘሮ ማሪቱ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሱ።

"ኦቦ ነገዎ፣ እኔም የመጣሁት ይህንኑ ልል ነው። ልጁ የአንቱ ነው። መልሼልዎታለሁ።"

ሽማግሌው ቀስ ብለው ቀና አሉ። "ተቀመጪ፣ እህቴ" አሏቸው። "አበራም ልክ ነው፤ ቤቴ ባዶ ነው። ግን አንድ ያልነገርኳችሁ ነገር አለ። ለአንቺም ጭምር። ሰውዬው ስደርስ ሞቶ አልነበረም።"

ወይዘሮ ማሪቱ እንደቆሙ ቀሩ። ባላቸው ያኔውኑ እንዳለፈ ነበር የተነገራቸው።

"እጄን ያዘኝ" አሉ ኦቦ ነገዎ። "'አደራ' አለኝ። ምኑን ነው ብዬ ጎንበስ ስል አለፈ። የዚያን ጊዜ አማርኛዬ እንዲህ አልነበረም፤ አደራ ማለትን ግን አውቃለሁ። ስንት ጊዜ አሰብኩት፤ ምኑን ነው አደራ ያለኝ እያልኩ። ለአንቺም ያልነገርኩሽ ቃሉን ጨርሼ ሳላውቅ ግማሹን ላቀብልሽ ከብዶኝ ነው። በኋላ ይህችን ልጅ በእጅሽ ይዘሽ መጣሽ። አባት የላት፣ ወንድም የላት። ያኔ ገባኝ። ሰው ለትምህርቱ ምላሽ የሰጠሁ ይመስለዋል። እኔ ጃራን የሰጠሁት ለዚህች ልጅ ወንድም እንዲሆናት ነው።"

ወደ ትህትና ዞሩ። "አሁን ሁንዴ ሞተብኝ ብዬ ወንድምሽን ልቀማሽ? ለዚያ ሰው ምን እለዋለሁ? ልጅ የለውም አትበሉኝ፣ አበራ። ሁለት አሉኝ። እነዚህ ናቸው።"

ወይዘሮ ማሪቱ ቁጭ አሉና ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ማልቀስ ጀመሩ። ሊናገሩ የመጡትን ረስተውታል። ስንት ክረምት ያለ መጨረሻ ቃል የኖሩ ሴት ናቸው፤ ዛሬ በሌላ ሰው ልጅ ለቅሶ ላይ የባላቸውን ድምፅ ሰሙ። ትህትና እናቷን ልታባብል እጇን ዘረጋችና መልሳ ሰበሰበችው። ተነስታ ወጣች።

ከቤቱ ጀርባ ከጭድ ክምሩ አጠገብ ቆማ ሳለ ጃራ መጣ። አልቀረባትም። በመካከላቸው ሌላ ሰው ሊቆም የሚችልበት ቦታ ትቶ ቆመ።

"ብትጠይቂው እንቢ አይልሽም" አላት።

"ማን?"

"አባቴ። አደራ የተባለው አንቺን ነው ብሎ ያምናል። አንቺ ለምነሽው አይከለክልሽም። ፈትቻችኋለሁ ይላል።"

"ከዚያስ?"

ጃራ ወደ እርሻው ተመለከተ። "ከዚያማ የሟችን አደራ ያልጠበቀ ሰው ይሆናል።"

"አንተ ጠይቀው።"

"እኔ ብጠይቀው ክህደት ነው፣ ትህትና። አንቺ ብትጠይቂው ግን ልጁ ለመነችው ማለት ነው።" ከክምሩ አንድ ጭድ መዘዘ። "እኔ ሁለት ጊዜ የተሰጠሁ ሰው ነኝ። አንዴ ሳልጠየቅ ለአባትሽ ተሰጠሁ። ሁለተኛ ግን እኔው ነኝ ራሴን ለአንቺ የሰጠሁት፤ ያንን ማንም ሽማግሌ አይፈታውም። ብትጠይቂው አብሬሽ እሄዳለሁ። ባትጠይቂውም አልቀየምሽም።"

"እንዲህ አትበለኝ" አለችው። "ተቆጣኝ። ጠይቂው በለኝ፣ ወይም እንዳትጠይቂው በለኝ።"

እሱ አንዱንም አላላትም። ዓይኑ ግን ሁለቱንም ይል ነበር፤ እሷም አየችው። ያን ጊዜ ያየችውን ያህል አይታው አታውቅም። ያን ሁሉ ዓመት መተያየት የተከለከሉ ይመስል ሲሰርቁት የኖሩትን አንዴ ተያዩት። ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ድንኳኑ ተመለሰች። ልትጠይቅ ነው የተመለሰችው። ይህን ደብቄ እሷን ቅድስት ላስመስላት አልፈልግም። አንዴ ብቻ ለራሴ ልኑር ብላ ቆርጣ ነበር።

ኦቦ ነገዎ ስትመጣ አይተው ከመደቡ ላይ ፈቀቅ አሉላት። አጠገባቸው ተቀመጠች። እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ተዘርግቶ ተቀምጧል፤ አፈር የለመደ ትልቅ እጅ ነው። አባቷ መጨረሻ ላይ የያዘው ይህንን እጅ እንደሆነ ያኔ ትዝ አላት።

"ኦቦ ነገዎ" አለች።

"ማል ኢንታላ ኮ?" አሏት፤ ምንድን ነው ልጄ ማለታቸው ነው። ድምፃቸው ላይ ምንም ጥርጣሬ አልነበረም። የምትለውን ሁሉ አስቀድመው እሺ ያሉ ይመስሉ ነበር።

ልትናገር አፏን ከፈተች። ልክ ያኔ ከውጭ የሴቶች ለቅሶ ተሰማ። ከወዲያ ማዶ ካለው መንደር የመጡ ናቸው፤ መንገዱ ሲከፈት በቡድን ተጠራርተው ደረታቸውን እየመቱ ገቡ። እንዲህ ሲሆን የቤቱ ሴት ተነስታ ደጃፍ ላይ ትቀበላለች፤ እንግዶቹ እሷን አቅፈው ከእሷ ጋር ያለቅሳሉ። ቦሰና ለመነሳት ሞከረች፤ ጉልበቷም ድምፅዋም እምቢ አሏትና መልሳ ተቀመጠች። ሴቶቹ መሃል ላይ ቆመው ቀሩ። ከፊት ያለችው ዙሪያውን አማተረች።

"የቤቱ ሴት የታለች? ከማን ጋር እናልቅስ?" አለች።

ኦቦ ነገዎ ራሳቸውን ደፉ። አሁን ሁለት ልጆች አሉኝ ያሉት ሰው ወደ ትህትና እንኳ አላዩም፤ ተነሺ አላሏትም። ሁንዴ በአሥራ ስምንት ዓመቱ ሞቶ ደጃፍ ላይ የምታለቅስለት ሴት አጣ። ትህትና ወደ ምሰሶው አየች። ጃራ ከውጭ ተመልሶ ቆሟል፤ እሷን ያያል። ወደ እናቷም አየች። ወይዘሮ ማሪቱ በእንባ መሃል ከንፈራቸው ብቻ እየተንቀሳቀሰ፣ ልናገር? አሏት።

ትህትና ራሷን በእምቢታ ነቀነቀችና ተነሳች። ወደ ድንኳኑ መሃል ሄዳ ከሴቶቹ ፊት ቆመች። ሴቲቱ የከተማ አለባበሷን አይታ አመነታች።

"ለሟች ምኑ ነሽ?"

"እህቱ ነኝ" አለች ትህትና። ጮክ ብላ ነው ያለችው፤ ሁሉም እንዲሰማ።

ሴቶቹ ወደቁባት። ከዚያ በኋላ ያለውን በደንብ አታስታውሰውም። ወንድሜ እያለች እንደጮኸች ነው የሚነግሯት፤ ወንድሜ፣ ወንድሜ እያለች ድምፅዋ እስኪሰነጠቅ። የማዶ ሴቶች እህት እንዲህ ናት ተባባሉ። ኦቦ ነገዎም ይህን ሲሰሙ መጀመሪያ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ከሐሙስ ወዲህ ያልመጣላቸው እንባ መጣላቸው። ኦቦ አበራ ወንድማቸውን ደግፈው፣ ተዉት፣ ያልቅስ፣ አሁን ይቀልለዋል አሉ።

ትህትና ግን አላቆመችም። ለቅሶዋ ሲበረታ ሴቶቹ ፈሩላትና የቅርብ ሰው ይያዛት አሉ። ጃራ ከምሰሶው ተነስቶ መጣ። ሰው ቦታ ለቀቀለት። ከኋላዋ ቆሞ ሁለት ትከሻዋን ያዘ።

"በቃሽ፣ እህቴ" አላት።

ድምፁ እንደ ማንኛውም ለቀስተኛ ድምፅ ነበር። እጆቹ ግን ከትከሻዋ ለመነሳት ዘገዩ፤ እሷም ዞራ አላየችውም።